ተመልካች ያጣ ጨዋታ

ሰው ለሚሠራው ሥራ ሁሉ ደመወዝ ይሻል ይባላል። ደመወዝ ሲባል ገንዘብ ብቻ የሚመስለው ካለ ግን የሰውን ጠባይ ገና አልመረመረም ማለት ነው። ሕፃን ልጅ ከአጥር ላይ ሊዘል ሲል አስቀድሞ ወደ እናቱ ዘወር ይልና «እዪኝ!» ይላል። እናቲቱ ካላየችው አይዘልም፤ ቢዘልም ዘለልሁ አይልም። ገበሬም ብቻውን ካረሰበት ቀን ይልቅ በደቦ ያረሰበት ቀን ጅራፉ ይበልጥ ይጮኻል። እንግዲህ የሌላው ሰው ዐይን ለሠሪው እንደ ደመወዝ የሚቈጠር ከሆነ፣ ይህን ደመወዝ ሳይከፍሉ መቅረት ዕዳ ነው። እኛም ዛሬ ብዕር ያነሣነው እኛው ራሳችን ሳንከፍለው ስለ ቀረነው እንደዚህ ስላለ ዕዳ ለመናገር ነው።

ነገሩ የቅርጫት ኳስ ነው። አንባቢ «ለኳስ ጨዋታ ይህን ያህል መቅድም ምን ያደርግለታል?» ብሎ ቢስቅብን አንቀየመውም፤ እኛም አስቀድሞ እንደዚሁ ስንስቅ ኖረናልና።

በባሕር ዳር ከተማ ከሚገኙት ኮሌጆች በአንደኛው ለብዙ ዘመን አስተምረናል። ከቢሯችን መስኮት ሥር በሲሚንቶ የተለሰነ የቅርጫት ኳስ ሜዳ አለ፤ በስተ ምዕራብ በኩልም በሕንፃው ግርጌ አራት እርከን ያለው መቀመጫ ተሠርቶለታል። የተማሪ ፈተና ስናርም ኳሱ መሬት ሲነጥር ይሰማናል። ድምፁን ግን እንደ ጣራ ዝናብ ስለ ለመድነው፣ ማን እንደሚያነጥረው ብድግ ብለን ያየንበት ቀን ጥቂት ነው።

በ2011 ዓ.ም. ከተማሪዎቻችን አንዲቱ የሴቶቹ ቡድን አምበል ነበረች። በየግጥሚያው ዋዜማ ወደ ቢሯችን ትመጣና በሩን ቀስ ብላ አንኳኩታ «መምህር፣ ነገ በስምንት ሰዓት ጨዋታ አለን፤ ብቅ ይበሉልን» ትለን ነበር። እኛም ከተመቸን እንደምንመጣ እንነግራታለን። ይህ አነጋገር በአገራችን ምን ማለት እንደ ሆነ እርሷም እኛም እናውቃለን። አምስት ጊዜ ጠራችን፤ አምስት ጊዜም ቀረን። እንዳንሄድ የከለከለን ሥራ አልነበረም፤ የከለከለን ነገሩን ከቁም ነገር አለመቍጠራችን ነው።

ግንቦት 4 ቀን 2011 ዓ.ም. እሑድ ነበረ። የረሳነውን መጽሐፍ ልንወስድ ወደ ኮሌጁ ሄደን ስንመለስ በሜዳው አጠገብ አለፍን። ለምረቃ የደረሱት ተማሪዎች የመጨረሻ ግጥሚያ መሆኑን በኋላ ነው የሰማነው። ሰዓቱ ስምንት ከሩብ ገደማ ስለ ነበረ የሲሚንቶው ወለል እንደ ምጣድ ግሏል፤ ከሐይቁ የሚነሣውም ነፋስ ገና አልጀመረም። ተመልካቹን ብንቈጥር ዐሥራ አንድ ሰው ሆነ። ከእነዚህም መካከል ሦስቱ ሜዳው እስኪለቀቅላቸው የሚጠባበቁ ወንዶች ነበሩ፤ ሁለቱ ለጥናት ጥላ ፈልገው የመጡ ናቸው፤ አንዱ የግቢው ዘበኛ ነው። የቀሩት አምስቱ ብቻ ጨዋታውን ሊያዩ የመጡ ነበሩ።

ጥቂት ቆመን ልንሄድ ብለን እስከ መጨረሻው ቆምን። ፊሽካው ሊነፋ ጥቂት ሰኮንዶች ሲቀሩ የእኛ ተማሪ ኳሷን በግራ እጇ ወረወረች፤ ኳሷም ቀለበቱን ሳትነካ መረቡን አሻሽታ ወረደች። በአንዲት ነጥብ አሸነፉ። ልጆቹ ተቃቀፉ፤ ጮኹ፤ ዘለሉ። ከመቀመጫው በኩል ግን ድምፅ አልተሰማም። ሜዳ የሚጠብቁት ወንዶች ተነሥተው ኳሳቸውን ማንጠር ጀመሩ፤ ደስታውም በዚያው አበቃ።

ቀረብ ብለን እንኳን ደስ ያላችሁ አልናቸው። አምበሏ ላቧን በክንዷ እየጠረገች «እግዜር ይስጥልን መምህር፤ ዛሬስ አዩን። አሸነፍን ብዬ ቤት ብደውል እናቴ ‹ማን አየሽ?› ማለቷ አይቀርም፤ አሁን ስሙን የምጠራው ሰው አገኘሁ» አለችን። ይህን ስትናገር የቅሬታ ምልክት በፊቷ ላይ አልነበረም። እኛን የወጋንም ይኸው ቅሬታ ማጣቷ ነው፤ ቅር የሚለው የሚጠብቅ ሰው ብቻ ነውና።

ያን ዕለት ማታ፣ ዐሥራ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ እንደ ልማዳችን ወደ ጣና ዳርቻ ስንወርድ ከአንድ የዲኤስቲቪ ቤት የወጣው ጩኸት መንገዱን ሞልቶት አገኘን። ማንቸስተር ሲቲና ሊቨርፑል በአንዲት ነጥብ ተበላልጠው የእንግሊዝን ዋንጫ የሚለያዩበት የመጨረሻ ቀን ነበር። በበሩ ገብ ብለን ብናይ ወጣቱ የመግቢያውን ገንዘብ ከፍሎ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጣቦ፣ ቦታ ያጣውም ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ከመካከላቸው ብዙዎቹ ተማሪዎቻችን ነበሩ። እነዚህ ልጆች በእንግሊዝ አገር የሚጫወተው ሰው በስንት ሚሊዮን እንደ ተገዛ፣ የትኛው እግሩ እንደሚያመው አሳምረው ያውቃሉ። በአንድ ክፍል አብራቸው የምትማረው ልጅ በግራ እጇ እንደምትወረውር ግን አያውቁም። የእርሷም ቡድን በዚያው ቀን በአንዲት ነጥብ እንዳሸነፈ የነገራቸው የለም።

በዚያች ሌሊት በልጆቹ ላይ ልንፈርድ ቃጥቶን ነበር። ነገር ግን አምስት ጊዜ ተጠርቶ አምስት ጊዜ የቀረ ሰው ፈራጅ ሊሆን አይችልምና ነገሩን መመርመር ያዝን። ለመሆኑ ሕዝባችን ጨዋታ ማየት አይወድምን? አይወድም የሚል ሰው ቢገኝ ሰኔ 7 ቀን 2007 ዓ.ም. ባሕር ዳር አልነበረም ማለት ነው። ያን ዕለት በአዲሱ የባሕር ዳር ስታዲየም ብሔራዊ ቡድናችን ከሌሶቶ ጋር ለአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ተጋጥሞ 2 ለ 1 አሸነፈ። ሕዝቡ ከጎንደር፣ ከደብረ ታቦርና ከደብረ ማርቆስ በአውቶቡስ እየተጫነ መጥቶ ከንጋት ጀምሮ በበሩ ተሰልፎ ነበር። እኛም ከመካከሉ ነበርን፤ ግቡ ሲገባ ከማናውቀው ሰው ጋር ተቃቅፈናል።

ከዚያም በፊት ቢሆን አባቶቻችን ተመልካች አላጡም። የገናን ጨዋታ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ሩሯን የሚመታው ጥቂት ሰው ቢሆንም ከዳር የሚጮኸው ያገር ሰው ሁሉ ነው። «በገና ጨዋታ አይቈጡም ጌታ» የተባለውም ጌታውና ሎሌው በአንድ ሜዳ ስለሚገናኙ ነው። ከባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በእንጅባራም በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል፣ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን ያከብራል። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ሲሆን የዓድዋን ዘማች ፈረሶች ውለታ ያስባል። በዚያ ቀን ወደ ሜዳው የሚጐርፈውን ሕዝብ የጠራው ማስታወቂያ አይደለም። የአጎቱ ልጅ ይጋልባል፤ የጎረቤቱ ፈረስ በጌጥ ተሸልሟል፤ አባቱም በወጣትነቱ በዚያው ሜዳ ጋልቧል። የሄደው ፈረስ ለማየት ብቻ ሳይሆን የራሱን ድርሻ ለማየት ነው።

እንግዲህ ምስጢሩ ከዚህ ላይ ይመስለናል። ሰው ጨዋታ ስላማረ ብቻ አይመጣም፤ በጨዋታው ውስጥ የእኔ የሚለው ነገር ሲኖረው ይመጣል። የላይ ቤትና የታች ቤት የገና ጨዋታ ተመልካች የማያጣው ሁሉም ወይ የላይ ወይ የታች ሰው ስለ ሆነ ነው። በኮሌጃችን ሜዳ ግን ተመልካቹ የማንም ወገን አልነበረም።

የሚያስገርመው ነገር፣ የቅርጫት ኳስ ከሌሎች ጨዋታዎች ሁሉ ይልቅ ለተመልካች የቀረበ ጨዋታ መሆኑ ነው። ጨዋታውን የፈለሰፈው በካናዳ የተወለደው መምህር ጄምስ ኔይስሚዝ ሲሆን፣ ጊዜው ታኅሣሥ 1884 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1891)፣ ቦታው በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የምትገኘው የስፕሪንግፊልድ ከተማ ነው። ያስተምር የነበረውም በአገራችን ወወክማ በሚል ስም የምናውቀው የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ባቋቋመው ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ነው። ክረምቱ በረዶ ስለ ሆነ ተማሪዎቹ ቤት ውስጥ የሚጫወቱት ነገር ፈለገላቸው። ሁለት የኮክ ቅርጫቶች አስመጥቶ በአዳራሹ ሰገነት ሐዲድ ላይ ቸነከረ፤ ዐሥራ ስምንቱን ተማሪዎች ዘጠኝ ዘጠኝ አድርጎ ከፈለ፤ በመጀመሪያውም ቀን አንዲት ግብ ብቻ ተቈጠረች። ቅርጫቱ የተሰቀለበት ቁመት እስከ ዛሬ 3 ሜትር ከ5 ሳንቲም ሆኖ ጸንቷል።

ቆይቶም ተመልካቾች በሰገነቱ ላይ እየቆሙ ወደ ቅርጫቱ የሚመጣውን ኳስ በእጃቸው እየገፉ አስቸገሩ። ይህን ለመከልከል ከቅርጫቱ በስተ ጀርባ ሰሌዳ ቆመ። ዛሬ ተጫዋቹ ኳሱን አላትሞ የሚያስገባበት ሰሌዳ የተገኘው እንግዲህ በተመልካች ምክንያት ነው። ተመልካች ከጨዋታው ውጭ የሆነ ትርፍ ነገር ቢሆን ኖሮ ሰሌዳውም ባልኖረ ነበር። ሜዳውም ቢሆን ርዝመቱ 28፣ ስፋቱ 15 ሜትር ብቻ ስለ ሆነ፣ ከዳር የተቀመጠ ሰው የተጫዋቹን ትንፋሽ ይሰማል፤ ስሙን ቢጠራውም ተጫዋቹ ይሰማዋል።

በሌላው ዓለም ይህን ያወቁ ኮሌጆች ብዙ ናቸው። በአሜሪካ በሰሜን ካሮላይና የሚገኘው የዱክ ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ እ.ኤ.አ. በ1940 የተሠራ ሲሆን የሚይዘው 9,314 ሰው ነው፤ ከብዙ ባላንጣዎቹ አዳራሽ ያንሳል። ይሁን እንጂ ተማሪዎቹ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ለትልቁ ግጥሚያ መግቢያ ለማግኘት በደጁ ድንኳን ተክለው ሳምንታት ያድራሉ። በኢንዲያና ክፍለ ግዛት በአንዲት ትንሽ ከተማ የሚገኘው የቴይለር ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ሌላ ልማድ አለው። በታኅሣሥ፣ ከፈተና በፊት በሚደረግ አንድ ግጥሚያ፣ ተማሪው ሁሉ ልዩ ልዩ ልብስ ለብሶ አዳራሹን ይሞላና ቡድኑ ዐሥረኛውን ነጥብ እስኪያገባ ድረስ አንድም ሰው ትንፍሽ አይልም። ዐሥረኛዋ ነጥብ ስትገባ ግን ቤቱ በጩኸት ይናወጣል። ይህን ልማድ ለመፍጠር ገንዘብ አላስፈለገም፤ ዝም ለማለት የተስማሙ ልጆች ብቻ አስፈለጉ።

ስለ ሴቶች ጨዋታ «ማን ያየዋል?» የሚል ሰውም ሊኖር ይችላል። ጥቅምት 4 ቀን 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 15 ቀን 2023) የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ቡድን በሰፊው ስታዲየም ሜዳ ላይ ወለል አስነጥፎ ሲጫወት 55,646 ሰው መጥቶ ተመልክቷል። ይህ ሕዝብ በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም። ከዚያ አስቀድሞ ለብዙ አሥርት ዓመታት የአዮዋ ትናንሽ ከተሞች የሴት ተማሪዎቻቸውን ግጥሚያ እየወጡ ሲያዩ ኖረዋል፤ አያት ያየችውን የልጅ ልጅ ተጫውታለች።

ይህን ሁሉ የምንጠቅሰው ባሕር ዳርን አዮዋ ለማድረግ አይደለም። ነገር ግን ከተማችን የተማሪ ከተማ ናት። ፖሊ ቴክኒኩ በሶቪየት ኅብረት ርዳታ በ1955 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ የመምህራኑ አካዳሚ በ1960ዎቹ መካከል ተከተለው፤ ሁለቱም በ1992 ዓ.ም. ተዋሕደው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። ዛሬም ሕዝቡ «ፖሊ» እና «ፔዳ» እያለ በቍልምጫ ይጠራቸዋል። በዙሪያቸው የበቀሉት ኮሌጆች ብዙ ናቸው። ከአባይ ድልድይ እስከ ሐይቁ ዳር ድረስ በሰዓት በኋላ የሚንሸራሸረው ወጣት ሁሉ ተመልካች ሊሆን የሚችል ነው። የጐደለው ሰው አይደለም፤ የጐደለው ጠሪ ነው።

ይህን ካሰላሰልን በኋላ በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ከሦስት የሥራ ባልደረቦቻችንና ከጥቂት ተማሪዎች ጋር ሆነን ሜዳውን ሰው ለማስለመድ ተነሣን። አጀማመራችን መጥፎ ነበር፤ መሳሳታችንን ስንደብቅ ሌላው ሰው እንዳይደግመው በግልጥ እንናገራለን።

በመጀመሪያ ተማሪውን በትእዛዝ አመጣነው። ስም ይጠራል፤ የቀረ ይመዘገባል ተባለ። መቀመጫውም ሞላ። ነገር ግን የመጣው ተማሪ ፊርማውን እስኪያኖር ድረስ ስልኩን ሲነካካ ቆየ፤ ከፈረመም በኋላ አንድ በአንድ ሹልክ እያለ ወጣ። ተጫዋቾቹ በባዶ መቀመጫ ፊት ከመጫወት ይልቅ የሚሸሽ ሰው እያዩ መጫወት እንደሚከፋ ነገሩን። ቀጥሎ ሽልማት አሰብን፤ ደብተርና እስክሪብቶ በዕጣ አወጣን። ያን ጊዜ ሰው መጣ፤ ግን ዕጣው ሲወጣ ጨዋታው ሳያልቅ ተበተነ። ሰው በጥቅም የተጠራ እንደ ሆነ ጥቅሙን ይዞ ይሄዳል እንጂ ምን ያስቀምጠዋል? ሦስተኛ ዘዴ ሳንሞክር በመጋቢት ወር በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሁሉ ተዘጉ።

በ2014 ዓ.ም. እንደ ገና ስንጀምር ነገሩን ከሥሩ ያዝነው። በመጀመሪያ ሰዓቱን ለወጥነው። ለካ የሴቶቹ ግጥሚያ ሁልጊዜ በስምንት ሰዓት፣ የወንዶቹ ግን በዐሥር ሰዓት ይደረግ የነበረው ማንም አስቦበት አልነበረም፤ ልማድ ሆኖ ኖሯል። ለልጃገረዶቹ ማንም የማይመጣበትን ሰዓት ሰጥተን ማንም አይመጣላቸውም ስንል ኖረናል። ስለዚህ ቀኑን ዘወትር ሐሙስ፣ ሰዓቱን ዐሥር ሰዓት ተኩል አደረግነው። በዚያን ሰዓት የሕንፃው ጥላ በመቀመጫው ላይ ይወድቃል፤ ከጣናም ቀዝቃዛ ነፋስ ይነፍሳል። አንዱን ሐሙስ ሴቶቹ፣ ሌላውን ሐሙስ ወንዶቹ ኋለኛውንና ዋናውን ግጥሚያ እንዲጫወቱ ተራ ገባ።

ሁለተኛ፣ ቡድኖቹን በትምህርት ክፍል ከፋፈልን፤ ለእያንዳንዱም ክፍል ከአራቱ እርከን የራሱን ቦታ ሰጠን። የሒሳብ ተማሪ ከዚያ ወዲህ ወገን አገኘ፤ የእንግሊዝኛም እንደዚሁ። በየስፍራው ስማቸውን በቀለም የጻፉት ራሳቸው ተማሪዎቹ ናቸው።

ሦስተኛ፣ ከተማሪዎቹ አንደበተ ርቱዕ የሆነ ልጅ ድምፅ ማጉያ ይዞ ተጫዋቹ ሲገባ ስሙንና የተወለደበትን አገር እንዲጠራ አደረግን። «ሰባት ቍጥር፣ ከዳንግላ!» ሲል ከየእርከኑ የዳንግላ ልጅ ሁሉ ብድግ ይላል። ይህን ስናደርግ አንዳንድ ባልደረቦቻችን የአገር ልጅነት ወደ ጠብ እንዳይወስድ ሠግተው ነበር፤ ሥጋታቸውም አግባብ ነው። ነገር ግን ቡድኑ በትምህርት ክፍል ስለ ተደባለቀ የዳንግላዋ ልጅ በአንደኛው፣ የዳንግላው ልጅ በሁለተኛው ቡድን ይገኛሉ። ያገራቸውም ሰው ለሁለቱም ያጨበጭባል። የአንዱን አገር ስም ሌላው ሰምቶ ሲያጨበጭብለት ማየት ከግጥሚያው ውጤት ይልቅ ደስ ያሰኘን ጊዜ አለ።

አራተኛ፣ ጨዋታውን አስረዳን። ብዙው ተማሪ የቅርጫት ኳስን ያልወደደው ስላልገባው ነበር። አንድ ቡድን ኳሱን በያዘ በ24 ሰኮንድ ውስጥ መወርወር እንዳለበት፣ አምስት ጥፋት ያጠፋ ተጫዋች እንደሚወጣ፣ ከ6 ሜትር ከ75 ሳንቲም ውጭ የገባ ሦስት ነጥብ እንደሚቈጠር ያው ልጅ በየመካከሉ ይናገራል። ዳኛው ፊሽካ በነፋ ቍጥር «ምን ሆነ?» ይባባሉ የነበሩት ሁሉ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከዳኛው ጋር መከራከር ጀመሩ። ከዳኛ ጋር የሚከራከር ሰው ደግሞ በሚቀጥለው ሐሙስ አይቀርም።

አምስተኛው ከሁሉ ቀላል፣ ለእኛ ግን ከሁሉ የከበደ ነበር፤ ይኸውም መምህራን በፊተኛው እርከን እንዲቀመጡ ማድረግ ነው። ሥራ አለብን፤ ያመናል፤ ፀሓይ ነው፤ ልጆች ይስቁብናል የሚለው ሰበብ ሁሉ ከእኛው አንደበት የወጣ ስለ ነበረ መልሱን እናውቀዋለን። በመጀመሪያው ሐሙስ አራት ሆነን ተቀመጥን፤ ተማሪውም ጨዋታውን ትቶ እኛን ያይ ነበር። በሦስተኛው ሐሙስ ዘጠኝ ሆንን። ከበሩ አጠገብ ቡና የምታፈላ ሴትም ጀበናዋን ይዛ ወደ ሜዳው ዳር ቀረበች፤ ቆሎ ሻጩም ተከተላት። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር አራቱ እርከን ሞልቶ የተረፈው ሰው በሕንፃው መስኮት ላይ ተንጠልጥሎ አየን። ያን ዕለት ብንቈጥር ከሁለት መቶ በላይ ሆኖልናል።

የሆነ ሆኖ ነገሩ ሁሉ በደስታ ቀጠለ ብንል እውነት አይሆንም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በክልላችን በተነሣው ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ በከተማውም የሰዓት እላፊ ገደብ ተደረገ። ተማሪዎቻችን ለብዙ ወራት ሳይጠሩ ቆዩ። በዚያን ጊዜ ወደ ቢሯችን ስንመጣ ሜዳው ላይ ሣር በስንጥቁ መካከል በቅሎ እናይ ነበር፤ ለዓመታት ያላዳመጥነው የኳስ ድምፅም ናፈቀን። ትምህርት እንደ ገና ሲጀመር ሁሉም ሰው በጊዜ ወደ ማደሪያው እንዲገባ ብለን ጨዋታውን ወደ ዘጠኝ ሰዓት አመጣነው። ፀሓዩ ቢበረታም ሰው መጣ። ወጣት በአንድነት ሲሰበሰብ ሥጋት በሚሆንበት ዘመን፣ በአንድነት ተሰብስቦ ሲስቅና ሲያጨበጭብ ማየት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ያን ጊዜ ተረዳን።

ስታዲየምም ቢሆን በሰው ካልተጠበቀ ባዶውን ይቀራል። ያ 2007 ዓ.ም. ያስጨፈረን ስታዲየም መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም. ከደቡብ አፍሪካ ጋር የተደረገውን የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ካስተናገደ በኋላ፣ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የሚጠይቀውን ደረጃ አያሟላም ተብሎ ብሔራዊ ቡድናችን የሜዳውን ግጥሚያ በሰው አገር ለማድረግ ተገዶ ነበር። ትልቁን ሜዳ ለማሟላት ብዙ ገንዘብና ብዙ ጊዜ ይፈለጋል። ትንሹን ሜዳ ለመሙላት ግን የሚፈለገው ተስማሚ ሰዓት፣ አንድ ድምፅ ማጉያና ከመቀመጫው የሚነሣ መምህር ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ያገራችን ተረት የተተረተው ለእንደዚህ ያለው ነገር ነው።

ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ሹማምንት፣ ስለ ወጣቱ ስፖርት ስታቅዱ ለተጫዋቹ ማልያ ከምትገዙት ገንዘብ ለተመልካቹ ጥላ ጥቂት ለዩለት። መምህራን ሆይ፣ የተማሪያችሁን ስም በፈተና ወረቀት ላይ ብቻ ሳይሆን በሜዳም ዳር ጥሩት። ተማሪዎችም የእንግሊዝን ቡድን መውደድ ነውር የለበትምና ውደዱት፤ ነገር ግን በአንድ ክፍል አብሯችሁ የሚቀመጠው ልጅ በየትኛው እጁ እንደሚወረውር ዕወቁ።

ያች አምበል ዛሬ በአንድ የገጠር ከተማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታስተምራለች። ባለፈው ጊዜ ደውላ ጤንነታችንን ከጠየቀች በኋላ «መምህር፣ ሐሙስ ሐሙስ ሜዳው ይሞላል ሲሉ ሰማሁ፤ እውነት ነው?» አለችን። እውነት መሆኑን ነገርናት። ጥቂት ዝም ብላ «እርስዎስ ይሄዳሉ?» ስትል ጠየቀችን። ከጀመርን ወዲህ በሕመም ምክንያት ከሁለት ሐሙስ በቀር ቀርተን እንደማናውቅ ነገርናት፤ ሣቀችም፤ መረቀችንም። ስልኩን ከዘጋን በኋላ ግን ያንኳኳችባቸውን አምስት ቀኖች አንድ በአንድ አሰብናቸው። እነዚያን አምስት ግጥሚያዎች ማን እንዳሸነፈ እስከ ዛሬ አልጠየቅናትም፤ ለመጠየቅም አፈርን።